የአዝራር ሳንቲሞች

«ተይው፣ የት ልታወጣው ነው?»

ባለአዝራሯ ይህን የሰማችው በጠዋቱ፣ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ተራዋን ስትጠብቅ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ የወንድሟ ሚስት የልጇን ፀጉር ታበጥራለች፤ ልጅቷ ማበጠሪያው በያዛት ቁጥር እየጮኸች በመሀል በመሀል ወሬዋን ትቀጥላለች። ለአክስቴ መንገር አለብኝ ትላለች። ከምንሄድበት አገር ሳንቲሞች እኛ ኒክል ትበልጣለች ስንል ከርመን ለካ የምትበልጠው ዳይም ናት፣ ትናንት አስተማሪዋ ኤክስ አደረገችብኝ፣ አክስቴ እዚያ ሄዳ ሱቅ ውስጥ ብትሳሳትስ? ያን ጊዜ ነው እናትየው ማበጠሪያዋን እንኳ ሳታቆም፣ እንደ ዋዛ፣ ያን የተናገረችው። ልጅቷ፣ «እሷ አትሄድም እንዴ?» ብላ ጠየቀች። «ጭንቅላትሽን ቀጥ አድርጊ። ሱቋን እስክታስረክብ ድረስ ትንፍሽ እንዳትዪ። አባትሽ ራሱ ይነግራታል።»

እንዲህ ያለ ነገር የሰማ ሰው በር በርግዶ የሚገባ፣ ቤቱን በጩኸት የሚያናጋ ይመስለናል። ባለአዝራሯን ግን መጀመሪያ የተሰማት እፍረት ነው። በእሷ ጦስ ልጅቷ ኤክስ በማግኘቷ አፈረች፤ ስህተቱ የልጅቷ አልነበረማ። ከትምህርት ቤት የመጣው ወረቀት ፎቶ ኮፒው ደብዝዞ የሳንቲሞቹ ሥዕል እንጂ ዋጋቸው በቅጡ አይነበብም ነበር። ልጅቷ ከሁለቱ የቷ እንደምትበልጥ ግራ ሲገባት፣ «ትልቋ ናታ የኔ እናት፤ ትንሽ አዝራር ከትልቅ አዝራር ተወዶ ያውቃል?» ብላ የወሰነችላት እሷው ናት። ዕድሜ ልኩን አዝራር የሸጠ ሰው ሌላ ምን ሊል ይችላል። የሸሚዝ አዝራር ርካሽ ነው፣ የጃኬት ከዚያ ይወደዳል፣ የካፖርት ከሁሉም ይበልጣል። ስለዚህ አሥሩን ለወፍራሟ ለኒክል፣ አምስቱን ለሚጢጢዋ ለዳይም ሰጥታ አርፋ ነበር። እፍረቱ ካለፈላት በኋላ ነው «የት ልታወጣው» የሚለው ቃል የገባት። ፊቷን ሳትታጠብ ወደ ክፍሏ ተመለሰች።

ክፍሏ የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛና የታጣጠፉ ካርቶኖች የሚጋሯት ጠባብ ጓዳ ናት። አልጋው ሥር ጎማ ያለው ሰማያዊ ሻንጣ አለ፤ ዋጋው የሱቋን የአንድ ወር ኪራይ ያህል ነበር። ወንድሟ የቪዛ ፎርም ልሞላልሽ ብሎ ፎቶ ያስነሳት ዕለት፣ ከፎቶ ቤቱ ወጥታ በቀጥታ ሄዳ የገዛችው ነው። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ከልጅቷ ጋር ሱቅ ሱቅ ይጫወታሉ። የዚያ አገር ሳንቲም በቤቱ ስለሌለ በብስኩት ቆርቆሮ አዝራር ከሱቋ አመጣች። ቡናማዋ ፔኒ፣ ነጯ የሸሚዝ አዝራር ዳይም፣ ግራጫዋ የጃኬት አዝራር ኒክል፣ ትልቋ ጥቁር የካፖርት አዝራር ኳርተር ሆኑ። ልጅቷ ሻጭ ናት፣ እሷ ገዢ። መጀመሪያ ሰሞን ምላሷ አልታዘዝ እያላት ልጅቷን በሳቅ ገደለቻት፤ በኋላ ግን መንገድ ስትሄድም፣ ዕቃ ስታጥብም፣ ጋደም ስትልም ታነበንበው ጀመር። ወንድሟ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ያያቸው ነበር። «ኧረ እትዬ፣ ልትበልጪን ነው» እያለ ይስቅ ነበር። እሱ ሲስቅ ደስ ይላት ነበር። አሁን የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ያን ሳቅ አስታወሰች።

ቁርስ ላይ ሁሉም ነገር እንደወትሮው ነበር፤ የባሰውም ይኸው ነው። የወንድሟ ሚስት ፊት ለፊት አንቱታ አታጓድልም። «እትዬ፣ ሻይዎ እንዳይቀዘቅዝ። እትዬ፣ ማርማላታ ላቅርብልዎ?» ትላለች። ባለአዝራሯ ዳቦዋን እየቆረሰች፣ ከበሩ ወዲያ «ልታወጣው» ያለውና ከበሩ ወዲህ «ላቅርብልዎ» የሚለው ያው አንድ አፍ መሆኑ ይገርማት ነበር። ልጅቷ ዓይኗን ከኩባያዋ አላነሳችም። ወንድሟ ስልኩን እየነካካ፣ «ሱቅሽን የሚረከበው ልብስ ሰፊ ዛሬ ነው አይደል የሚመጣው?» አለ። አዎ አለችው። በሱቁ ገንዘብ የሚቆረጠው የአውሮፕላን ትኬት እስከ ነገ ማታ ካልተከፈለ ዋጋው እንደሚጨምር ነገራት፤ ገንዘቡን ተቀብላ ብቻዋን ይዛ መንገድ እንዳትገባ፣ ከደወለችለት እሱ ራሱ መጥቶ እንደሚወስደው ነገራት። ለእሷ ተጨንቆ የሚናገር ይመስላል። ባለአዝራሯ ዳቦዋን አስቀመጠች። እዚያው መጮህ ትችል ነበር። ነገር ግን ይህን ታናሽ ወንድሟን ከደብተሩ እስከ ጫማው ከዚያችው ከአዝራር ሱቅ አውጥታ ያስተማረችው እሷ ናት፤ አፉን ከፍቶ ራሱ እንዲነግራት ፈለገች። መንገዱን ልጥረግለት ብላ፣ «እኔ ከፍታ ስለምፈራ ወንበሬ በመስኮት በኩል ባይሆን ደስ ይለኛል» አለችው።

«እ... እሱን እናያለን» አለ ወንድሟ፣ ከስልኩ ቀና ሳይል። ሚስቱ ተነሥታ ገና ዳቦ ያለበትን ሳህን ወደ ማጠቢያው ወሰደች። ልጅቷ ሻይዋን ስትጠጣ ብቻ ይሰማ ነበር።

ሱቋ ከአንድ አሮጌ ፎቅ ደረጃ ሥር ያለች፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቢቆም የምትጠብ ነገር ናት። ሰው ደረጃውን በወጣ በወረደ ቁጥር ከጣሪያዋ አቧራ ይረግፋል፤ ባለአዝራሯ ኮቴውን ሰምታ ማን እንደሆነ ታውቃለች። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ትናንሽ መሳቢያ ነው፤ በየመሳቢያው ፊት፣ ውስጥ ካለው ዓይነት አንድ አንድ አዝራር በክር ተሰፍቷል። ክር፣ መርፌ፣ ዚፕ፣ ላስቲክ፣ የመርፌ ቁልፍ፣ ሰው ሲጠፋበት ብቻ የሚያስታውሰው ነገር ሁሉ እዚያ አለ። ትርፉ የሳንቲም ነው። ክሩ በስንት ገብቶ በስንት እንደሚወጣ ለሰው ብትነግር የምታለቅስ ይመስለዋል። ግን ቦታዋ የገበያው መግቢያ ላይ ስለሆነ ለቁልፏ ብቻ ብዙ የሚከፍል ሞልቷል። ልብስ ሰፊው ሦስት ዓመት ሙሉ ሲለምናት ኖሮ እንቢ ስትለው፣ ወንድሟ ግን አንድ ቀን ማታ፣ «እትዬ፣ አብረን ነው እኮ የምንሄደው፤ ሱቁን ለማን ትተይዋለሽ?» ቢላት እሺ አለች። ነገሩ እንዲህ በቀላሉ ነው ያለቀው።

ጠዋት ላይ አንዲት እናት የልጇን የደንብ ልብስ ሸሚዝ ይዛ መጣች። ባለአዝራሯ ዓይኗን ጨፍና የምታገኘውን መሳቢያ ስባ አንዲት ነጭ አዝራር አወጣችና «አንድ ዳይም» አለች። «ምን አልሽኝ?» አለች ሴትዮዋ። «አይ፣ ከራሴ ጋር ነው» አለችና ዋጋውን በአገሩ ሳንቲም ነገረቻት። ሴትዮዋ ድፍን ኖት ስትዘረጋላት ዝርዝር ልትቆጥር እጇን ወደ ጣሳው ሰደደች፤ ሁለት ጊዜ ግን ሳተች። በልጅነቷ እንኳ ዝርዝር ስታ አታውቅም። ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ ቀና ብላ ግድግዳውን ስታየው ከላይ እስከ ታች ፔኒና ኒክል፣ ዳይምና ኳርተር ሆኖ ታያት። የገዛ ሱቋን በማትሄድበት አገር ገንዘብ ስትሞላው ከርማለች። ያን ጊዜ እንባዋ መጣ፤ ደንበኛ እንዳያያት ፊቷን ወደ መሳቢያዎቹ አዙራ የሌለ አቧራ መጥረግ ያዘች።

ልብስ ሰፊው ገበያው ሲቀዘቅዝ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ወሬ ያበዛል እንጂ። ገንዘቡን በላስቲክ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ይዞታል። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ገና ሳይቀመጥ ግድግዳውን መለካት ጀመረ፤ ስፌት መኪናው እዚህ ጋ፣ ተስቦ የሚወጣው ጠረጴዛ እዚያ ጋ እያለ በጣቱ ያሳያታል። በመጨረሻም በሩ አጠገብ ያለችውን፣ ፀሐይ የማይደርስባትን ጥግ እያመለከታት፣ «አንቺ ደግሞ እዚህ ትቀመጫለሽ» አላት።

«እኔ?»

«ወንድምሽ አልነገረሽም? አዝራር ለመትከል፣ ዚፕ ለመቀየር ካንቺ የተሻለ ሰው ከየት አመጣለሁ? እኛ ከሄድን በኋላ ሥራ ፈታ እንዳትቀመጥ ብሎ አደራ ብሎኛል። ደመወዙንም ተነጋግረናል እኮ።»

ደመወዟን ሳይቀር ተነጋግረውላታል። በገዛ ሱቋ፣ በገዛ መሳቢያዎቿ ሥር፣ በሰው ቅጥር አዝራር ልትተክል ነው። «መቼ ነው አደራ ያለህ?» አለችው፤ ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። ልብስ ሰፊው፣ «ኧረ ቆይቷል፤ ወር ሳይበልጠው አይቀርም» ካለ በኋላ ፊቷን አይቶ ነገሩ ገባው። ሜትሩን ቀስ ብሎ ጠቀለለ። አንድ ሰው ደረጃውን እየሮጠ ወረደና አቧራው በመካከላቸው ረገፈ። «እህ፣ እንግዲህ እኔ የቤተሰብ ነገር ውስጥ አልገባም» አለ በመጨረሻ። «ግን ሌላ ያየሁት ቦታ አለ። እስከ ነገ ጠዋት ቁርጡን ካልነገርሽኝ እሱን እይዛለሁ።» ገንዘቡን ብብቱ ሥር እንደያዘ ወጣ።

ስልኳ ሦስቴ ጠራ፤ ወንድሟ ነው። አላነሳችውም። በባዶ ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ ከራሷ ጋር ስትሟገት ዋለች። ነገሩን በግልጽ ቢነግሯት ኖሮ፣ «እትዬ፣ አንቺን አንወስድም፣ ግን ለትኬት ቸግሮናል» ቢሏት ኖሮ፣ አልቅሳ፣ ተራግማ፣ በመጨረሻ ለልጅቷ ስትል ሱቁን ትሰጣቸው ነበር። ራሷን ታውቃለች፤ እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው የኖረችው። አሁን የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ከዚያ ቤት አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ እውነቱን ይንገራት። ያኔ ጠዋት ቁልፉን ለልብስ ሰፊው ታስረክባለች፣ ገንዘቡንም ለወንድሟ ትሰጣለች። ወንድሟን ሞክራዋለች። ከሚስቱ የምትጠብቀው የለም። የቀረችው ልጅቷ ናት። በስምንት ዓመት ልጅ ላይ ይህን መጫን ነውር መሆኑ አልጠፋትም፤ የከፋው ሰው ግን ነውር ነው ብሎ የሚተወው ነገር ጥቂት ነው።

ወደ ቤት ስትገባ ገና አልመሸም። ወንድሟ ከሥራ አልተመለሰም። ሚስቱ ማድ ቤት ዕቃ ታጥባለች፣ በሩ ክፍት ነው። ልጅቷ የሳሎኑ ምንጣፍ ላይ በሆዷ ተኝታ ሥዕል ትሥላለች፤ ሌላ ቀን ቢሆን ገና ከደጅ ሮጣ ትጠመጠምባት ነበር፣ ዛሬ ግን ቀና ብላ አይታ እርሳሷን መልሳ ያዘች። ባለአዝራሯ ቆርቆሮውን አምጥታ አዝራሮቹን ምንጣፉ ላይ ዘረገፈችና፣ «ሱቁ ዛሬ ተዘግቷል?» አለቻት። ልጅቷ ፈገግ ማለት ፈለገች፣ አልሆነላትም። ተነሥታ ቁጭ አለች። ላጲሷን አስቀመጠች፣ እርሳሷን አስቀመጠች፣ መቅረጫዋን አስቀመጠች፤ ሱቁ ይኸው ነው። ባለአዝራሯ ላጲሱን ጠየቀች። «አሥር» አለች ልጅቷ በእንግሊዝኛ።

ባለአዝራሯ ግራጫዋን የጃኬት አዝራር አንሥታ በመዳፏ ያዘቻት። «ይቺ ኒክል ናት። አሥር። ልክ ነኝ የኔ እናት?»

ልጅቷ አዝራሯን አየች። ከንፈሯን ነከሰች። ማድ ቤት የሚወርደው ውኃ ቆመ፤ ቧንቧውን ማን እንደዘጋውና ለምን እንደዘጋው ሁለቱም ያውቃሉ። ልጅቷ ዓይኗን ወደ ማድ ቤቱ በር ወሰደች፣ ከዚያ ወደ ምንጣፉ መለሰች። «ልክ ነሽ» አለች በቀጭን ድምፅ። ግራጫዋን አዝራር ተቀብላ ላጲሱን ሰጠቻት። ውኃው እንደገና መውረድ ጀመረ። ባለአዝራሯ «ተባረኪ» ብላ ላጲሱን ያዘች፤ ከዚህ ቀደም በጨዋታው ውስጥ ብላው የማታውቀው ቃል ነው። ከጠዋቱ ይልቅ ይህ ቆረጣት። መዋሸቱን ትልልቆቹ እንኳ ኖረውበት ነው፣ ይቺ ግን በአንድ ቀን ለመደችው።

ወንድሟ ለእራት ሲደርስ ኮቱን ሳያወልቅ፣ «ስልክ አታነሺም እንዴ? ተቀበልሽ?» አላት። አልተቀበልኩም አለችው። ሰውየው ቀረ ወይ ብሎ ጠየቀ። አልቀረም አለች፤ ነገ እንደወትሮዋ ሱቋን እንደምትከፍት ነገረችው። ወንድሟ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ትኬቱስ?»

«የሦስት ሰው ትኬት ሦስት ሰው ይክፈለው።»

ሚስቱ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ወንድሟ ፊቱ ተለዋወጠ። «ማን ነገረሽ?» አለ፤ ውሸት ነው እንኳ አላለም። «ልብስ ሰፊው። ደመወዜን እንደተዋዋልክልኝ ነገረኝ» አለችው። ወንድሟ በእጁ ግንባሩን ያሽ ጀመር። ኤምባሲዎቹ ቤተሰብ ማለት ሚስትና ልጅ ነው አሉኝ፣ እህት አይገባም አሉኝ፣ እኔ ምን ላድርግ አለ። «መቼ አሉህ?» አለችው። ኮቱን ያወልቅ ጀመር። ደግማ ጠየቀችው። «ፎቶ የተነሣሽ ሳምንት» አለ።

«እና ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ስማር እያየህ ዝም አልከኝ?»

«ደስ ሲልሽ አየሁዋ» አለ ወንድሟ። እውነቱን ነበር። መታገሥ ያቃታት ሚስትየው ነች፤ የትኬቱ ነገር፣ የተሸጠው የቤት ዕቃ፣ የለቀቀችው ሥራዋ ሁሉ ባንዴ መጣባትና አንቱታዋን ረሳችው። «ቆይ፣ ከዚያ ሱቅ የምታገኚውን የት ልታወጪው ነው? ልጅ የለሽ፣ ቤት የለሽ።»

«እዚሁ» አለች ባለአዝራሯ፣ እና ሳህኗን ይዛ ተነሣች።

ጓዳዋ ገብታ ሻንጣውን ከአልጋው ሥር ጎተተችው። ያልተነሣው የዋጋ ምልክት አሁንም እጀታው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ገበያ ወስዳ ብትመልሰው ግማሹን እንኳ የሚሰጣት አታገኝም። ከሳሎን የባልና ሚስቱ የታፈነ ንትርክ ይሰማል። በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተና ልጅቷ በሌሊት ልብሷ ብቅ አለች። መተኮሻው አጠገብ ቆማ በአንድ እግሯ ሌላኛውን ታሻለች። «አክስትዬ» አለች በሹክሹክታ። «ኒክል አይደለችም። ዳይም ናት የምትበልጠው። ትንሿ።»

ይህችን ቃል ምንጣፉ ላይ ብትሰማት ኖሮ ሱቋ ነገ ጠዋት የሌላ ሰው ትሆን ነበር። ባለአዝራሯ ልጅቷን ስባ አጠገቧ አስቀመጠቻት፣ ያልተስተካከለ ፀጉሯን በጣቷ አስተካከለችላት። «አውቃለሁ የኔ እናት» አለቻት።

«ማን ነገረሽ?»

«እናትሽ።»

ልጅቷ ፊቷ በራ። ቀኑን ሙሉ ተሸክማው የዋለችው ነገር ከላይዋ ሲወርድ ያስታውቃል። «እማዬ ራሷ? እኔ ደግሞ አትንገሪያት ስላለችኝ...» አለችና ሳትጨርሰው አክስቷን ጉንጯን ሳመቻት፤ ከአልጋው ዘላ ወርዳ በባዶ እግሯ ወደ ሳሎን እየሮጠች፣ «እማዬ፣ ለካ ነግረሻታል፤ ዳይም እንደምትበልጥ ነግረሻታል» ስትል ተሰማ። ንትርኩ ቀጥ አለ። ልጅቷ ደግማ ጠራች፣ ከዚያም ግራ በገባው ድምፅ ሦስተኛ ጊዜ ጠራች። ባለአዝራሯ ጆሮዋን አቅንታ ጠበቀች። ከሳሎኑ የማንም ድምፅ አልተሰማም።